«በረድ ሲል እንሂድ»

በቅየሳ ሥራ ላይ ነበርን። ሰው በማይኖርበት ጫካ 9 ቀን ሠርተን ጨርሰናል። ሊወስደን የመጣው ሴስና 206፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። ማኮብኮቢያው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ የተስተካከለ አጭር የአፈር ሜዳ ነው።

ፓይለቱ ቴርሞሜትሩን አየ። ቀጥሎ ሜዳው ጫፍ ላይ ያሉትን ዛፎች አየ። «ፀሐይዋ በረድ ስትል እንሂድ» አለ። ቀትር ላይ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ። «ቢሮ እየጠበቁን ነው፣ አሁኑኑ እንነሳ» አልኩት። አንዴ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሦስት ጊዜ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ዝም ብሎ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አለ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ከፍታ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ክንፉን የሚያነሳው፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያው አየር ነው። ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። ጠዋት የሚበቃው ሜዳ ቀትር ላይ ያጥረዋል።

ከመሬት ለቀቅን፤ ከፍ ማለት ግን አቃተን። ዛፎቹ መጡብን። «ሳበው!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን አልሳበም። ያን ጊዜ አፍንጫውን ቀና ቢያደርገው ክንፉ ይከዳውና እንደ ድንጋይ እንወርድ ነበር። ወደ ጎን ዘወር አድርጎ ቁጥቋጦው ላይ አሳረፈው። ሆዱን እየተፋቀ ሄዶ ቆመ። ከዚያ የነዳጅ ሽታ ብቻ።

ሁላችንም ወጣን። የአውሮፕላኑ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ በራሱ ሥራ ጀምሯል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንቴናው ግን ከሥሩ ተቀንጥሷል። ያለ አንቴና ደግሞ ምልክቱ ሳተላይት ጋ የመድረስ ተስፋው የመነመነ ነው። ፓይለቱ አንድ ክንዱ ተሰብሯል። በደህናው እጁ ከሰደርያው ኪስ መዳፍ የምታህል ሌላ ማስተላለፊያ አወጣ፤ ሳተላይት በሚያዳምጠው የ406 ሜጋኸርዝ ሞገድ የምትልክ፣ የራሱ። ሻንጣ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ከተጨማደደው ጅራት ሥር ነበረች። አንቴናዋን በጥርሱ ስቦ ሰማይ የሚታይበት ድንጋይ ላይ አቆማት።

ሄሊኮፕተሩ የደረሰው ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። እንሂድ ባለበት ሰዓት።

አንድም ቃል አልወቀሰኝም። እኔ ግን ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁን ፊልድ ስወጣ የመመለሻውን ሰዓት ፓይለቱ ይወስናል። ቢሮ ሲያጣድፈኝ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ለእሱ አላቀብለውም።