የማን እናት ነሽ?

ኪዮቶ ውስጥ ቶጂ የሚባል ትልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። በየወሩ በ21 ግቢው ገበያ ይሆናል። ኮቦ ዳይሺ የሚሏቸው መነኩሴ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ835 ያረፉት በ21ኛው ቀን ስለሆነ በየወሩ ቀኑን ጠብቀው ያስቧቸዋል። ከዝክሩ ጋር ገበያውም አብሮ ደራ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «እንደኛ ማርያም በያ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ለገበያ ስወጣ «ማርያም ትከተልሽ» ብላ ነው የምትሸኘኝ። የነሱ 21 ከኛው 21 ጋር እንደማይገጥም ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። ማን ሰምቶኝ!

እዚያ የምሄደው ለአሮጌ ኪሞኖ፣ ለጃፓኖች የባህል ልብስ ነው። ጃፓን የመጣሁት ዶክትሬት ልማር ነበር፤ ኪሞኖ ለከፈኝ። ክፍሌ ስድስት ታታሚ ምንጣፍ ብቻ የምትይዝ ናት። አልጋ የለኝም፤ ማታ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ጠዋት አጥፌ አነሳለሁ። ኪሞኖ ግን 11 አለኝ።

ሙሉ ኪሞኖ የሚወጣው ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ነው። ወርዱ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ምናምን። ቀጥ ቀጥ አድርገው ይቆርጡትና ይሰፉታል፤ ተርፎ የሚጣል ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል። ደህና አድርጎ ማጠብ ሲያስፈልግ ስፌቱ ይፈታል፤ ጨርቁ ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣ እንደገና ይሰፋል። አያት የለበሰችው ለልጅ ልጅ የሚደርሰው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ጥለት ስታማርጥ ብትውል የማይደክማት እናት ያሳደገችኝ ነኝ። ምን ላድርግ?

መውደድና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ የተዋረድኩት ፍልውሃ ያለው እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። የሰጡኝን ቀለል ያለ የጥጥ ዩካታ ለብሼ ወደ ራት ስወርድ አንዲት አሮጊት ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ምንም አላሉም። መቀነቴን ፈቱ፣ ልብሱን ገለበጡ፣ መልሰው አሰሩልኝና እጅ ነስተው ሄዱ። ለካ የግራው ክፍል ነው ከላይ የሚደረበው። ቀኙን ከላይ ካደረግሽ እንደ ሬሳ ተገንዘሻል ማለት ነው። ደንቡ በ719 ከቤተ መንግሥት በወጣ አዋጅ የተቆረጠ ነው። እኔ 1300 ዓመት ዘግይቼ ደረስኩ። እንዲህ መንገድ ላይ የሰው ልብስ የሚያቃኑ ሴቶችን ጃፓኖች ራሳቸው «የኪሞኖ ፖሊስ» ይሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ ተጠነቀቅኩ። አነበብኩ፣ ጠየቅኩ። ከተማርኩት ሁሉ አንዱ ልቤ ውስጥ ተቀረጸ፦ ጥለት የሌለው ጥቁር ኪሞኖ የሐዘን ልብስ ነው። እሱን ይዘሽ ሠርግ ብትሄጂ አለቀልሽ። ግማሹን የማወቅ ጣጣ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ላብራቶሪ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ልታገባ ሆነ። በዕድሜ ስለምበልጣት «እህት ዓለም» በሚል ዓይነት «ኦኔ-ሳን» ነው የምትለኝ። የሷ ወላጆች ካጎሺማ ናቸው፣ ደቡብ ጫፍ፤ የሱ ደግሞ እዚሁ ኪዮቶ። ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው አይቶኝ አያውቅም። ይህን ያዙልኝ።

በ21 ገበያ ወጣሁ። ከአንዲት ሴትዮ ድንኳን ሥር፣ ከክምሩ መሀል አንድ ጥቁር ሐር ብቅ ብሎ አየሁ። ሳብኩት። ከወገብ በላይ ጥቁር ብቻ፤ ከወገብ በታች ግን ክንፋቸውን የዘረጉ ሽመላዎች፣ ጥድ፣ ደመና፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ደረቱ ላይ ሁለት፣ ክንዱ ላይ ሁለት፣ ጀርባው ላይ አንድ ነጭ ክብ አበባ አለው። «ጌጥ» አልኩ በልቤ። ጥለት አለው፤ ስለዚህ የሐዘን አይደለም። ዋጋው? 2000 የን! ጥሩ ምሳ ከነቡናው። አዲስ ቢሆን መቶ ሺዎች ነው የሚያወጣው።

«ለሠርግ ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«አዎ!»

ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ገበያው ይጮሃል፤ ከጥያቄው «ዘመድ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማሁ። ሰው አገር የኖረ ያውቀዋል፤ ያልገባሽን ጥያቄ «ሀይ»፣ አዎ፣ ብለሽ ታልፊዋለሽ። «ሀይ» አልኩ። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን አጣምረው እጅ ነሱ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» አሉ፤ ባለወርቅ ኦቢ፣ የኪሞኖ መቀነት፣ ከ1000 የን ወደ 500 ጣሉልኝ። «ምን ዓይነት ሕዝብ ነው» እያልኩ ወደ ቤቴ።

ለምን እንዲህ ረከሰ ብዬ አለመጠየቄ!

የሠርጉ ቀን በ11 ሰዓት ሌሊት ተነሳሁ። ዩቲዩብ ከፍቼ ሦስት ሰዓት ታገልኩ። ኪሞኖ ቁልፍ የለውም፤ ሁሉ ነገር በገመድ በገመድ ነው። መጀመሪያ የውስጥ ልብስ፣ ከዚያ ወገቤ ዙሪያ ፎጣ። አዎ፣ ፎጣ። ኪሞኖ የሚያምረው እንደ ቧንቧ ቀጥ ባለ ሰውነት ላይ ስለሆነ ስርጉዱ ይሞላል። እኛ ወገብ ለማውጣት ነው መቀነት የምናስረው፤ እነሱ ወገብ ለማጥፋት። እኔ ደግሞ ከአባቴ ወገን ዳሌ የወረስኩ ነኝ። አራት ፎጣ በላ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። የልብሱ የመጀመሪያ ባለቤት ግን እኔ ትከሻ ሥር የምታልፍ ሴት ሳትሆን አትቀርም። የሴት ኪሞኖ ወገብ ላይ ታጥፎ ትርፉ ከኦቢው ሥር ብቅ ማለት አለበት፤ ለኔ ትርፍ ከየት ይምጣ? እጅጌውም ከአንጓዬ አንድ ጋት ቀርቶታል። የታናሽ እህቷን ልብስ ሰርቃ የወጣች እመስል ነበር። ከአራት ሜትር የሚበልጠውን ኦቢ ጀርባዬ ላይ እንደ ከበሮ አድርጌ ስቋጥር ግን መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁና ዝም አልኩ። እመቤት ሆኛለሁ።

ቦታው በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረገች አስተናጋጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለች።

«ዘመድ ነዎት አይደል? በዚህ በኩል ይግቡ።»

«ሀይ።» (አሁንም!)

የገባሁበት ክፍል ሻይ ቀርቧል። አምስት ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እንደኔ ጥቁር፣ ሁሉም ከወገብ በታች ሽመላ፣ ጥድ፣ የወርቅ ክር። ሁሉም ከ50 በላይ። እኔ ታዲያ ምን አሰብኩ? «በቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ለበስኩ!» አልኩ። ኩራቴ ጣሪያ ነካ።

ጎኔ የተቀመጡት ሴት የሙሽራው አክስት ናቸው። ደረቴ ላይ ያለውን ነጭ አበባ በትኩረት አዩት። ያ ጌጥ ብዬ ያለፍኩት የአንድ ቤተሰብ ዓርማ ኖሯል። የማላውቀውን ሰው የዘር ምልክት አምስት ቦታ ለጥፌ ነበር የተቀመጥኩት።

«የእናትሽ ወገን ነው?» አሉኝ በጣታቸው እየጠቆሙ።

ስለ እናቴ የጠየቁኝ መሰለኝ። «አዎ፣ እናቴ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪዮቶና ኦሳካ አካባቢ ሴት ልጅ ከእናቷ የወረደ ዓርማ ይዛ ታገባለች፤ ከባሏ ቤት ዓርማ ጋር ባይመሳሰል ማንም አይገረምም። እንዲህ ያለ ልማድ ባይኖር ያኔውኑ በተያዝኩ ነበር። ባህሉ ራሱ ሸፈነልኝ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። የሙሽራው ዘመዶች በአንድ በኩል፣ የሙሽራዋ ትይዩ ቆሙ። የዘመድ ማስተዋወቅ የሚሉት ሥርዓት ነው። የሙሽራው አባት ወገኖቻቸውን አንድ በአንድ ጠሩ፤ «ወንድሜ፣ የወንድሜ ባለቤት...»፤ የተጠራው እጅ ይነሳል። የሙሽራዋም አባት እንዲሁ። ሁሉም አለቀ። አንድ ሰው ቀረ። መሀል ላይ፣ ከሁሉም በአንድ ራስ በልጦ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ የቆመ።

የሱ ወገን ወደሷ ወገን አየ። የሷ ወገን ወደሱ ወገን አየ። እያንዳንዱ «የናንተ ናት» ብሎ ሲያስብ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ወገቤ ላይ ያለው ፎጣ ሁሉ በላብ ራሰ። አፌን ከፈትኩ። ላወራ ያሰብኩት «ከሙሽራዋ ጋር እሠራለሁ፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የምታየኝ» የሚል ነበር። የወጣው ግን፦

«የሙሽራዋ ታላቅ እህት ነኝ። ከኢትዮጵያ።»

የሙሽራዋ አባት ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ቀስ ብለው ነው የዞሩት። ሚስትየው እጅጌያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ «አዎ፣ ልጃችን ስለሷ ነግራናለች» አሉ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጡት የሙሽራው አያት ነቁ። «ኢትዮጵያ? አበበ!» ብለው ጮኹ። የ1964ቱን የቶኪዮ ማራቶን መንገድ ዳር ቆመው እንዳዩ፣ በባዶ እግሩ እንዴት እንደሮጠ መተረክ ጀመሩ። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር፤ በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ነው። ግን እኔን ያዳነኝን ሰው በምን አንጀቴ ላርመው? ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ዘመድ ሆንኩ።

ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ። አንሺው እኔን ከሙሽራው እናት ጀርባ አቆመኝ፤ የእጅጌዬን እጥፋት አስተካከለ፣ እጅሽን እንዲህ አድርጊ አለኝ። ሙሽራዋ ከነጭ ልብሷና ከነጭ መከናነቢያዋ ጋር በሁለት ሰው ተደግፋ ገባች። እያንዳንዷን እርምጃ እያሰበች ነበር የምትራመደው። አጠገቤ ስትደርስ ዓይኗን ቀና አደረገች። ልብሱን አየች። ከንፈሯ ሳይነቃነቅ ማለት ይቻላል፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ኦኔ-ሳን፣ አንቺ ደግሞ የማን እናት ነሽ?»

ነገሩን የፈቱልኝ በኋላ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ የላላ ኦቢዬን እያጠበቁ፣ የሙሽራዋ እናት ናቸው። ልብሱ ኩሮ-ቶሜሶዴ ይባላል። ያገባች ሴት ትልቁ የክብር ልብስ ነው፤ ሠርግ ላይ የሚለብሱት የሙሽሮቹ እናቶች፣ አክስቶችና ያገቡ እህቶች ናቸው። እንግዳ አይለብሰውም። እንግዳ የሆነች ሴት ቀለም ያለው ሆሞንጊ ትለብሳለች፤ ያላገባች ከሆነች ደግሞ እጅጌው ረጅም የሆነውን ፉሪሶዴ። እኔ ያላገባሁ፣ እንግዳ። በሁለቱም ወደቅኩ። የረከሰበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ልጅ ከመዳር ውጪ ብዙ ቦታ አይለበስም፣ አሁን አሁን ደግሞ ብዙዎች ይከራዩታል። እኛ አገር የሙሽራው እናት የለበሱትን ካባ ደርቤ ብመጣ ማለት ነው።

ግብዣው ላይ የነበረውን በአጭሩ ልለፈው፤ አሁንም ጆሮዬን ያግለኛል። ጃፓን ውስጥ ወላጆችና ዘመዶች ከሙሽሮቹ ርቀው መጨረሻ ጠረጴዛ ነው የሚቀመጡት። እኔ ወንበሬ ከጓደኞቿ ጋር፣ ፊት ነው። ሰው ሁሉ «ይቺ እናት ምን ነካት፣ ፊት ተሰየመችሳ?» በሚል ዓይን ያየኛል። የማላውቃቸው ሽማግሌዎች የቢራ ጠርሙስ ይዘው እየመጡ ቀዱልኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። እኔም ተነስቼ አመሰገንኩ። ምን ልበል? ፕሮፌሰሬ ሳይቀር መጥቶ እጅ ነሳኝ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ፎቶው ዛሬ ካጎሺማም ኪዮቶም ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

ባለፈው ወር ደግሞ ትልቅ ካርቶን በፖስታ መጣልኝ። የላኩት የሙሽራው አክስት ናቸው። ውስጡ ኪሞኖ በሚቀመጥበት ወፍራም ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ልብሶች። የካምፎር ሽታቸው ክፍሉን ሞላው። አንዱን ገለጥኩ። ጥቁር፣ ሽመላ፣ አምስት ዓርማ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ጥቁር። ሦስተኛውን መግለጥ አላስፈለገኝም። ደብዳቤው «ሴቶች ልጆቼ አንፈልግም አሉኝ፣ መጣል ደግሞ አልቻልኩም። አንቺ እንደምትወጂው አይቻለሁ» ይላል።

አሁን አራት ኩሮ-ቶሜሶዴ አለኝ። የምድረው ልጅ የለኝም። ለእናቴ ደወልኩና ታናሽ ወንድሜ መቼ እንደሚያገባ ጠየቅኳት። ምን አስቸኮለሽ ስትለኝ የልብሱን ጉዳይ ከነታሪኩ ነገርኳት። የሚለብሱት ያገቡ ሴቶች ብቻ እንደሆኑም፣ ሳላስበው፣ አብሬ ነገርኳት።

ስልኩ ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ታዲያ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «ልብሱ እንደሆነ ደርሷል።»