ሦስት ስክሪን ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቡር ዱባይ

ሐምሌ ላይ ከቦሌ በዝናብ ተነስቶ ዱባይ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። በረራው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሄድኩት ለአንድ ጉዳይ ነበር፦ ቤት ያለውን የጌም ኮምፒውተር ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን ተደርድሮለት የመኪና እሽቅድምድምና የከባድ መኪና ጌም እንዲያጫውት ማድረግ፣ ያውም በ2,000 ድርሃም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ገንዘቡ 545 ዶላር ገደማ ነው።

ከፓስፖርቱ ቀጥሎ በጥንቃቄ የያዝኩት አንድ ወረቀት ነበር። በአንድ በኩል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጽፎበታል፦ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ አንድ ባለ8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ 450 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ባለ24 ኢንች ዴል ፒ2419ኤች ሞኒተር። በሌላ በኩል የሜትር ልኬቶች፦ ጠረጴዛው 160 ሳ.ሜ ርዝመትና 70 ሳ.ሜ ጥልቀት፣ ኬዙ ውስጥ ለግራፊክስ ካርድ ያለው ቦታ 28 ሳ.ሜ። የሚገዛውን ሁሉ የወሰኑት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ዱባይ ተደርሶ «ኬዙ ስንት ሳንቲ ሜትር ነበር?» ብሎ ማሰብ ዋጋ የለውም።

የጠረጴዛውን ነገር ላስቀድም። ያ ሞኒተር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 54 ሳ.ሜ ገደማ ነው፤ ሦስቱ ቀጥ ብለው ቢደረደሩ 160 ሳ.ሜ አይበቃቸውም። ግራና ቀኙ ወደ ተቀማጩ 30 ዲግሪ ሲታጠፉ ግን 147 ሳ.ሜ ይበቃል። በምትኩ የጎኖቹ ጫፍ 27 ሳ.ሜ ያህል ወደፊት ይመጣል፤ ስለዚህ 50 ሳ.ሜ ጥልቀት ባለው ጠረጴዛ ላይ ለኪቦርድ ቦታ አይተርፍም። የእኔ 70 ሳ.ሜ ስለነበር አልተቸገርኩም።

ቀጥሎ የፒክስል ሂሳብ። አንድ 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። ሦስቱ ተጋጥመው 5760 በ1080 ሲሆኑ 6,220,800 ይደርሳል፤ ይህ የፎር ኬ ስክሪን ሦስት አራተኛ ነው። 1050 ቲአይ ብዙውን ጊዜ አንድ ዲቪአይ፣ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ዲስፕሌይፖርት የሚባሉ የምስል መሰኪያዎች ስላሉት ሦስት ስክሪን ማብራት አያቅተውም። ለኤክሴል፣ ለኮድ ወይም ለቪዲዮ ብቻ ሦስት ስክሪን የሚፈልግ ሰው ኬብል ገዝቶ ቤቱ ይቀመጥ፤ ካርድ መቀየር አያስፈልገውም። ጌም ሲከፈት ግን ያ ካርድ በ4 ጊጋባይት ሜሞሪው ሦስት እጥፍ ፒክስል መሳል ይሳነዋል።

ፕሮሰሰሩን ከግዢው ዝርዝር አወጣሁት። ብዙዎች መጀመሪያ ወደ ራይዘን 5 5600 ይሮጣሉ፤ ማዘርቦርዱ ይቀበለዋል፤ ጥሩ ፕሮሰሰርም ነው። ነገር ግን ስክሪኖቹ 60 ሄርዝ ከሆኑ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ሥዕል የሚቀይሩ ከሆኑ፣ የሚፈለገው በሰከንድ 60 ፍሬም ብቻ ነው፤ ያንን 2600 በአብዛኛው ጌም ላይ ይሰጣል። ፒክስል ሲበዛ ሸክሙ የሚወድቀው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ቢሆንም መቀየር ለሚፈልግ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አሮጌው ፕሮሰሰር ከመነቀሉ በፊት ይታደስ፤ እድሳቱም ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር ተያይዞ ይሁን፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣውን ከመንቀል በፊት ኮምፒውተሩን ለትንሽ ጊዜ አሠርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ አጥፍቶ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ ጠምዘዝ እያደረጉ ማላቀቅ። በቀዝቃዛው ወደ ላይ ከተጎተተ በመሀላቸው ያለው የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ይዞት ይወጣል፤ ሥሩ ያሉት ፒኖችም ይጣመማሉ።

ከዱባይ አየር ማረፊያ ተርሚናል 1 የሜትሮው ቀይ መስመር ሳይቀየር ቡር ዱባይ ሰፈር ያለው ቡርጁማን ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ በእግር የኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ኮምፒውተር ስትሪት ብሎ ነው። አል ዐይን ሴንተር የሚባለው የኮምፒውተር ሕንፃም ቅርብ ነው፤ ሱቆቹ ትንንሽና የተጠጋጉ በመሆናቸው ዋጋ ለማነጻጸር ይመቻል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሌላ ቀን መሄድ ይሻላል። ዋጋ ሲጠየቅ 5 በመቶው ቫት ገብቶበት እንደሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት፤ ተስማምቶ ገንዘብ ሲወጣ የሚጨመርባቸው ሱቆች አሉ።

የመረጥኩት ካርድ ራዴዮን አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የሚወስደው ኃይል 132 ዋት ነው። ቁልፉ ግን ጀርባው ላይ ነው፦ ያየሁት ሦስት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ ነበረው። ያው ስም ይዞ በሌላ አምራች ካርቶን ውስጥ ያለው የተለየ አከፋፈል ሊኖረው ስለሚችል፣ በካርቶኑ ሥዕል ሳይሆን ካርዱን አውጥቶ ቀዳዳውን መቁጠር ነው። ሦስቱም ሞኒተሮች በአንድ ዓይነት መሰኪያ ሲገናኙ ጣጣቸው ይቀንሳል።

የዱባይ ሱቅ ዋስትና አዲስ አበባ ለተመለሰ ሰው ብዙም አያገለግልም፤ ዕቃውን መልሶ ማድረስ ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ካርዱ እዚያው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይዤ ነበር። አርኤክስ 6600 ከሆነ 1792 ሼደር (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች)፣ 8192 ሜጋባይት ጂዲዲአር6 ሜሞሪና 128 ቢት የሜሞሪ ስፋት ያሳያል። ባዮሳቸው ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጡ አሮጌ ካርዶች እዚህ ላይ ይጋለጣሉ። ፕሮግራሙ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር 16 ሳይሆን 8 ብሎ ማሳየቱ ግን ጉድለት አይደለም፤ ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣም 8 መስመር ብቻ ነው ያለው።

ፓወር ሰፕላይ መቀየሩ ግዴታ ነበር። 1050 ቲአይ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው እስከ 75 ዋት ብቻ ይኖራል፤ 6600 ግን ባለ8 ፒን የራሱ ገመድ ይፈልጋል፤ የእኔ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያ ገመድ የለውም። ባለአራት ፒኑን የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ወደ ባለ8 ፒን የሚቀይር ገመድ በየሱቁ በጥቂት ድርሃም አለ። እኔ አልገዛውም፤ ማንም እንዲገዛው አልመክርም። ያ ቀጭን ሽቦ ለዚህ ሸክም አልተሠራም፤ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ባለ550 ዋትና የብሮንዝ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ያለው በቂ ነው። አብሮት የሚመጣው የግድግዳ ገመድ የኤምሬቶቹ ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የሶኬት መቀየሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቤት ያለው አሮጌ ገመድ ይገባል።

ራሙን እንደ ጥንድ፣ 8 በ8 አድርጌ ገዛሁ። አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ራይዘን በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚያመላልስ አቅሙ ታስሮ ነው የሚሠራው። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ጥንዱ የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ሞኒተር ነው። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሞኒተሮች ከአዲስ በጣም ይረክሳሉ፤ እኔ የፈለግኩት ግን ቤት ካለው ጋር አንድ ሞዴል የሆኑ ሁለት ብቻ ነበር። ሻጩ «ይኸኛውም 24 ኢንች ነው፣ ይኸኛውም ዴል ነው» ማለቱ አይቀርም። ፒ2414ኤች በስም የሚለየው በአንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ ግን ኤችዲኤምአይ የለውም፣ የጠርዙ ውፍረትም ይለያል። ሦስት ስክሪን አንድ ሥዕል ሲያሳይ ትንሽ የቀለምና የከፍታ ልዩነት ዓይን ላይ ይቆማል። ቀለም በማስተካከል የሚቀራረብ አለ፤ የሚገጥም ግን ብዙ አላየሁም።

ፒ2419ኤች ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። የምስል ኬብሉ ተነቅሎ ከታች ካሉት ቁልፎች የመጀመሪያው 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲያዝ ስክሪኑ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ እያለ ይቀየራል። ጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃንና እንደ ኮከብ የቀረ ነጥብ፣ ነጩ ላይ የሞተ ነጥብና ቢጫ የሆነ ማዕዘን ይታያል። ሱቁ ውስጥ ያለው መብራት ይህን ስለሚደብቅ ካርቶን ከላይ ጋርዶ ማየት ይጠቅማል። ካየኋቸው ሰባት ሁለቱን ለመምረጥ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ኬብል ላይ ሁለት ስህተት ይበዛል። አንደኛው አቅጣጫ ነው፦ በአንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ ያለው ርካሽ ኬብል የሚሠራው ከካርዱ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ገልብጦ የሰካ ሰው ጥቁር ስክሪን ያያል፤ ለዚያ አቅጣጫ ኃይል የሚፈልግ ሌላ ዓይነት መቀየሪያ አለ። ሁለተኛው የማይታይ ነው፦ አንዳንድ ርካሽ የዲስፕሌይፖርት ኬብሎች 20ኛው ፒን መገናኘት ሳይገባው ተገናኝቶባቸዋል፤ በዚያ በኩል ከሞኒተሩ ወደ ካርዱ ኤሌክትሪክ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩም አንዳንዴ አልነሳ ይላል። ሰው ጥፋቱን ማዘርቦርዱ ላይ ሲፈልግ ይከርማል። የታወቀ ስም ያላቸው ሦስት ባለ2 ሜትር ኬብሎች ይበቃሉ።

በዚያ ሳምንት የከፈልኩት ይህ ነው፦ ካርዱ 800፣ ፓወር ሰፕላዩ 210፣ ራሙ 140፣ ሁለቱ ሞኒተሮች 420፣ ሦስቱ ኬብሎች 75፤ በድምሩ 1,645 ድርሃም። ዋጋው ይለዋወጣል፤ መያዝ ያለበት ካርዱ የግማሽ ያህሉን መውሰዱ ነው። ቀሪውን 355 ለጉምሩክ አስቀመጥኩት።

ከቡር ዱባይ ከውሃው ማዶ ወዳለው ዴይራ ሰፈር በአንድ ድርሃም በእንጨት ጀልባ ተሻገርኩ። እዚያ ካርጎ የምታስጭን አንዲት የአገራችን ሴት ሞኒተሮቹን አየችና «ወንድሜ፣ መቆሚያውን ፈትተህ ነው እንጂ እንዲህማ አይደርስልህም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዚህ ሞዴል መቆሚያ ያለ መፍቻ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይወጣል፤ ስክሪኑ ብቻውን ከ4 ኪሎ አይበልጥም። ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሞ፣ መሀላቸው ስፖንጅና ከስክሪኑ የሚሰፋ ጠንካራ ካርቶን አድርጎ ማሰር ነው። ስክሪን የሚሰበረው መሀሉ ሲጫን ስለሆነ መቆሚያዎቹና ኬብሎቹ ከጀርባ እንጂ በመሀል አይገቡም። ካርዱና ራሙ ፀረ ስታቲክ ከረጢታቸው ውስጥ ሆነው በእጅ ቦርሳ መጡ። ደረሰኞቹን ሁሉ አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ቦሌ ላይ ማሳየት ነገሩን ያቀላል።

ቤት ሲደረስ ወዲያው አይሰካም፤ ከብርድ የመጣ ዕቃ ላይ እርጥበት ስለሚቋጥር ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ቅደም ተከተል አለው። የራዴዮን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ አሮጌው ካርድ ሳይነቀል አስቀድሞ ይወርዳል፤ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ተነስቶ የአሮጌው ካርድ የኤንቪዲያ ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ከግድግዳው ይነቀላል፤ ፓወር ሰፕላዩ፣ ራሙ፣ በመጨረሻም ካርዱ ይገጠማል። የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ የውስጥ ገመዶች (ከግድግዳ የሚመጣውን ሳይሆን) ከአዲሱ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ የውስጥ አደራደሩ ሊለያይና ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሲነሳ ባዮስ ውስጥ የራሙ ፍጥነት ፕሮፋይል ይከፈታል፤ ካልተከፈተ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ይሠራል።

በራዴዮን ሶፍትዌር ውስጥ አይፊኒቲ የሚለው ሦስቱን እንደ አንድ 5760 በ1080 ያጋጥማል። የራዴዮን አምራች ኤኤምዲ ይህን ያመጣው በ2009 ነው። ለዕለት ሥራ ግን ስክሪኖቹን ተነጣጥለው መተው እመርጣለሁ፤ ተጋጥመው ሳለ አንድ መስኮት ሲሰፋ ሦስቱንም ይሞላል። አሴቶ ኮርሳ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም የራሱ የሦስት ስክሪን ማስተካከያ አለው፤ የስክሪኑ ስፋት፣ ከዓይን ያለው ርቀትና የጎኖቹ ማዕዘን ይገባበታል። ይህ ሳይሞላ ከተጫወቱ በጎን ያለው መኪና እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይታያል።

ወደፊት የመሀሉን በ144 ሄርዝ ለመቀየር ለሚያስብ፦ የተለያየ ሄርዝ ሲቀላቀል ካርዱ ሥራ ፈትቶም የሜሞሪውን ፍጥነት ሳያወርድ ይሞቃል። ብዙ ጊዜ የመሀሉን 120 ላይ ማድረግ ይፈታዋል፤ የ60 እጥፍ ነውና።

የቀረው ዩፒኤስ ነው። ጌም ላይ ኮምፒውተሩ ወደ 280 ዋት፣ ሦስቱ ስክሪኖች በድምሩ ወደ 60 ዋት ይወስዳሉ። 650 ቪኤ የሚል የአቅም ቁጥር ያለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ስለሚሰጥ ጠባብ ነው፤ 1200 ይሁን። የጎን ስክሪኖቹን ከዩፒኤስ ውጭ መሰካት ግን ቁጠባ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ዊንዶውስ ሁለቱ የተነቀሉ ስለሚመስለው መስኮቶቹን ሁሉ ወደ መሀል ይሰበስባል፤ ጌሙም ሴቭ ሳይደረግ ሊዘጋ ይችላል። ሦስቱም ባትሪው ላይ ይሰኩ።