የማልፈልጋቸውን ፎንቶች ከቤት ኮምፒዩተሬ ሳራግፍ የተማርኩት

ዎርድ ላይ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ለመምረጥ የፎንት ዝርዝሩን በከፈትኩ ቁጥር ፕሮግራሙ ለአፍታ ይቆምና፣ ከዚያ በኋላ ስማቸውን እንኳ በማላስታውሳቸው ፎንቶች መካከል ረጅም መንገድ ወደ ታች መውረድ ነበረብኝ። ለዓመታት ከልዩ ልዩ ቦታ እያወረድኩ የጫንኳቸው፣ ሌላ ፕሮግራም ሲጫን አብረው የገቡ፣ ለአንድ የጥሪ ካርድ ብቻ ተጠቅሜባቸው የተረሱ ፎንቶች ተጠራቅመው 640 ያህል ደርሰው ነበር። ባለፉት ሦስት ሳምንታት በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እየሠራሁ ወደ 210 ዝቅ አድርጌያቸዋለሁ። የሠራሁትንና የተሳሳትኩትን የማሰፍረው ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ እኔ የሄድኩበትን የተሳሳተ መንገድ እንዳትሄዱበት ነው፤ በተለይም በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ያሏችሁ።

ኮምፒዩተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። በመጀመሪያው ምሽት ምንም ሳልሰርዝ ያሉትን ፎንቶች በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኳቸው። ይህን ማድረጌ በኋላ ከብዙ ጸጸት አድኖኛል፤ ምክንያቱም ከፎንቶች ፎልደር ውስጥ የተሰረዘ ፎንት እንደ ሌላው ፋይል መጣያው ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ሳይሆን በዚያው የሚጠፋ ነው። ስገለብጥም ፎንቶቹ በአንድ ቦታ ብቻ እንደማይቀመጡ ተረዳሁ። ለሁሉም ተጠቃሚ የተጫኑት ሲ ድራይቭ ላይ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ሲገኙ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫኑት ግን በዚያ ሰው የግል ፎልደር ሥር «አፕዳታ» ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህ ሁለተኛው አሠራር የመጣው ከዊንዶውስ 10 የ1809 እትም ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን ቦታ ብቻ የገለበጠ ሰው ከፎንቶቹ ከፊሎቹን ያለ መጠባበቂያ ትቷቸዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የማይነኩትን ለየሁ። «ሴጎ ዩአይ» የሚባለው ቤተሰብ የዊንዶውስ የራሱ ገጽታ የሚጻፍበት ነው፤ ከዚሁ ስም ከሚጀምሩት ሌሎች አንዳንዶቹ ደግሞ ምልክቶችንና ስሜት ገላጭ ሥዕሎችን የያዙ ናቸው። «ሴጎ ኤምዲኤል2 አሴትስ» የተባለው፣ ሲከፍቱት አንድም የሚነበብ ፊደል የማይታይበትና ስለዚህም ጥቅም የሌለው የሚመስለው ፎንት፣ በሴቲንግ ገጾችና በተግባር አሞሌው ላይ የምናያቸውን ትናንሽ ሥዕላዊ ምልክቶች ይዟል። ዊንዶውስ አብዛኞቹን እነዚህን ራሱ ይጠብቃቸዋል፤ ለመሰረዝ ሲሞከር የተጠበቀ የሲስተም ፎንት መሆኑን ገልጾ ይከለክላል። ይህን መከላከያ በሌላ መንገድ አልፈው እንዲሰርዙ የሚያስተምሩ ምክሮች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ከዚያ የሚገኘውን ጥቅም አላየሁትም፣ ማንም እንዲሞክረውም አልመክርም። «ኤሪያል»፣ «ታይምስ ኒው ሮማን»፣ «ታሆማ» እና «ካሊብሪ» ከሌላ ሰው በሚመጡ ሰነዶች ሁሉ ውስጥ የሚገኙ ስለሆኑ ወደድናቸውም ጠላናቸውም መቆየት አለባቸው።

የማራገፉ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። በሴቲንግ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን ከሚለው ሥር ፎንቶች የሚለውን ከፍቶ፣ ፎንቱን መርጦ ማራገፊያውን መጫን ይበቃል፤ ብዙ ፎንት በአንድ ጊዜ ለመሰረዝ ግን የቀድሞው ኮንትሮል ፓነል ይሻላል። አንዳንዶቹ «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» እየተባሉ እምቢ አሉኝ፤ እነርሱን ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አድርጌ ምንም ፕሮግራም ሳልከፍት ስሰርዛቸው ወጡ። ሁለት ሦስቱ በዚህም አልተነቀሉምና የፎንቶችን መረጃ በፍጥነት እንዲገኝ የሚያስቀምጠውን የዊንዶውስ የፎንት ካሽ አገልግሎት ለጊዜው አቁሜ አስወገድኳቸው። ቲቲሲ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል በአንድነት የተሰበሰቡ በርካታ ፎንቶችን የሚይዝ በመሆኑ፣ አንዱን ላስወግድ ሲሉ ሌሎቹም አብረው እንደሚሄዱ ማወቅ ያስፈልጋል። ስማቸው ላይ ከታችኛው ሰረዝ (_) ቀጥሎ ዜሮ የተጨመረባቸው ፋይሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፎንት ዳግመኛ ሲጫን የተፈጠሩ ቅጂዎች ናቸው፤ እኔ ዘንድ ከ30 በላይ ነበሩ።

ከሰረዝኳቸው በኋላም ዎርድ ዝርዝር ላይ የሚታዩ ስሞች ነበሩ፤ በዚህ ሁለት ምሽት ደክሜያለሁ። ነገሩ ሲገባኝ፣ ከጎናቸው የደመና ምልክት ያለባቸው ፎንቶች በኮምፒዩተሩ ላይ የሌሉና ሲመረጡ ብቻ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናቸው፤ ስለዚህ በፎንቶች ፎልደር ውስጥ ፈልጎ ማጥፋት አይቻልም። እንደ ጃፓንኛና ዕብራይስጥ ላሉ ቋንቋዎች የተጨመሩት ደግሞ የሚራገፉት በየፎንቱ ሳይሆን፣ በሴቲንግ ውስጥ አማራጭ ባሕርያት በሚለው ሥር በአንድ ጥቅል ነው። እዚያ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ኒያላ» በዊንዶውስ 10 የሚገኘው በዚሁ ዓይነት የግዕዝ ተጨማሪ ጥቅል ውስጥ ስለሆነ፣ «ተጨማሪ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ሁሉንም የሚያራግፍ ሰው «ኒያላ»ን አብሮ ያጣዋል። ግዕዝን የያዘው ሌላው ፎንት «ኢብሪማ» ግን ከሲስተሙ ጋር የሚመጣ በመሆኑ ግዕዙ ጨርሶ አይጠፋም።

ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ተመሳሳይ ስም ኖሯቸው መጨረሻቸው ላይ 1 እና 2 የሚል ቁጥር ያለባቸው ሁለት የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች አገኘሁ። ቅጂዎች መስለውኝ ሁለተኛውን ሰረዝኩት። በማግስቱ አባቴ ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፈውን የቤተሰብ ማስታወሻ ስከፍት፣ ከየቃሉ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ወጥቶ በምትኩ የላቲን ፊደልና ነጠላ ምልክቶች ገብተውበት አገኘሁት። ቀሪው ፊደል ግዕዝ፣ በመካከሉ ግን የዶላርና የመቶኛ ምልክት፤ ሰነዱ የተበላሸ መስሎኝ ለደቂቃዎች እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ።

ሰነዱ አልተበላሸም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ ስለነበር፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ ግዕዙ የሚታየው በፎንቱ ብቻ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ለፊደላችን ጠባብ ነበር፤ ከ256ቱ ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ 32ቱ ለመቆጣጠሪያ ኮዶች ሲቀነሱ 224 ይቀራሉ፣ 33ቱ የፊደል ዘሮች በሰባት ሲባዙ ግን ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይታከሉ 231 ይሆናሉ። ስለዚህም አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ሲያከፋፍሉት፣ ሌሎቹ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ እያስቀመጡ ያደራርቡት ነበር። እኔ ቅጂ ብዬ ያጠፋሁት የፊደሉን ግማሽ ኖሯል።

ያዳነኝ ዎርድ የጠፋውን ፎንት ስም ከሰነዱ ላይ አለማጥፋቱ ነው። ጠቋሚውን በአንዱ የላቲን ምልክት ላይ ሳሳርፍ፣ የፎንት ሳጥኑ ፎንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ባይኖርም ስሙን ከነቁጥሩ አሳየኝ፤ ከመጠባበቂያው ላይ አምጥቼ መልሼ ስጭነው ማስታወሻው እንደነበረው ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ፈጽሞ ማድረግ የሌለበት፣ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ሌላ ቀይሮ ሰነዱን ሴቭ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የትኛው ምልክት የትኛው ፎንት ላይ እንደነበረ የሚያሳየው መረጃ ይጠፋልና ጽሑፉን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የግዕዝ ፎንት ከማራገፌ በፊት በእርሱ የተጻፈ ሰነድ ቅጂ ላይ አንድ ቀላል ፍተሻ አደርጋለሁ፦ ጥቂት ቃላት መርጬ ፎንቱን ወደ «ኢብሪማ» እቀይራለሁ። ጽሑፉ ግዕዝ ሆኖ ከቀጠለ በዩኒኮድ የተጻፈ ስለሆነ ፎንቱ ቢወገድም ይነበባል፤ መልኩ ብቻ ይለወጣል። ወደ ላቲን ምልክት ከተለወጠ ግን ሰነዱ የሚነበበው በዚያ ፎንት ብቻ ነው፣ ፎንቱም አይነካም። ፎንቱ በውስጣቸው የተካተተባቸው የፒዲኤፍ ሰነዶች በዚህ ሁሉ አይጎዱም። ስለዚህ የቆዩትን ሰነዶች አስቀድሜ ወደ ፒዲኤፍ ለውጬ አስቀምጫለሁ፤ ከእነርሱ ላይ ቃል መፈለግ ወይም ጽሑፍ መገልበጥ ግን አይቻልም፤ በውስጣቸው ያለው አሁንም የላቲን ኮድ ነውና።

ዘላቂው መፍትሔ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ያስቀመጠው በራሱ ቅደም ተከተል ስለነበር መቀየሪያው ከትክክለኛው ፎንት ጋር መገጠም አለበት። የሞከርኩት የመጀመሪያው መቀየሪያ የፎንቱን ስም ሳያይ ጽሑፉን ብቻ ስለሚለውጥ፣ በመካከል የነበሩትን እውነተኛ የእንግሊዝኛ ስሞች ሁሉ ትርጉም ወደሌለው ግዕዝ ለወጣቸው። አሁን የምሠራው በአንቀጽ በአንቀጽ ነው። የተለወጠውን ከፒዲኤፉ ጎን አድርጌ አነባለሁ፤ አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት ፊደላት ከሌላው ይልቅ ስለሚሳሳቱ በእነርሱ ላይ ቀስ እላለሁ። ሥራው አድካሚ ቢሆንም የአባቴን ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ ተጠግቼ አንብቤያቸው አላውቅም ነበር።

እስካሁን ከማስታወሻው 46 ገጾች 19ኙን ጨርሻለሁ። የዎርድ ፎንት ዝርዝር አሁን ወዲያው ይከፈታል፣ «ኒያላ»ንም ሳልደክም አገኘዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ በሌላው ሥራ ግን ከቀድሞው ፈጥኗል ለማለት አልችልም። 1 እና 2 የሚሉት ሁለቱ ፎንቶች በቦታቸው ናቸው፤ 46ኛው ገጽ እስኪያልቅ ድረስም አልነካቸውም።