ነዳጁ ለየትኛው ፕሮግራም ይጻፍ?

ከውጭ የሚመጣ የፋይናንስ ሪፎርም ለእኛ አይሆንም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ሥራ የጀመርኩት ወረዳ ፋይናንስ ነው፤ ደብል ኢንትሪ (እያንዳንዱን ሒሳብ በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ቦታ የመመዝገብ ዘዴ) ገብቶ ሒሳቡን ሲያቃናው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ብሩ ወጣ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። ማን ቅድመ ክፍያ ወስዶ ሳያወራርድ እንደቀረ ለማወቅ የቆየ ፋይል ማገላበጥ ነበረብን። በኋላ ግን ያልተወራረደው ተሰብሳቢ በየሰዉ ስም ሌጀር (የሒሳብ መዝገብ) ላይ ተቀመጠ። ወር ሲዘጋ ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያው፣ ካልገጠመ ወደ ቤት መሄድ የለም።

ያ ሪፎርም የመጣው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብና በሃርቫርድ ባለሙያዎች እገዛ ነው። ታዲያ ለምን ሰመረ? እንደኔ፣ ከነበርንበት ስለተነሳ ነው። አክሩዋል ውስጥ፣ ማለትም ብሩ ሲንቀሳቀስ ሳይሆን ገቢው ወይም ወጪው ሲፈጠር ወደሚመዘገብበት ዘዴ፣ ዘሎ አልገባም፤ በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ዘዴ ላይ ቆመ፤ ይህ በዋናነት ብር ሲገባና ሲወጣ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ጋር፣ የሚመዘግብ ነው። ሥልጠናውም እስከ ወረዳ ወርዶ እኛ ጋ ደረሰ።

የፕሮግራም በጀት ግን ሌላ ነው። በፌዴራል ደረጃ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፦ ብር ለደመወዝና ለነዳጅ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ለሚገኘው ውጤት ይመደብ። ኒውዚላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ ስትሄድ ኃላፊዎቿን በገንዘቡ ላይ አዛዥ አደረገች። ውጤቱን አምጣ፣ አወጣጡን አንተ ታውቃለህ ነው ነገሩ። ይህን ያደረገችው ግን የገንዘብ ቁጥጥሯ ቀድሞ ስለጸና ነው።

እኛ ጋ አንድ መኪና የሦስት ፕሮግራም ባለሙያዎችን ጭኖ መስክ ይወጣል። የነዳጁ የሒሳብ መደብ ቁጥር 6217 ነው፣ ይህን ማንም ያውቃል። ለየትኛው ፕሮግራም ነው የሚጻፈው? ብዙ ጊዜ ብር የተረፈበት ላይ። 6231፣ ውሎ አበሉም እንዲሁ። ዓመቱ ሲዘጋ ሪፖርቱ ይህ ፕሮግራም ይህን ያህል ፈጀ ይላል። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ የሚያሳየው ሰኔ ላይ ብር የት እንደነበረ ነው። ኃላፊው ደግሞ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ለማዛወር ደብዳቤ ጽፎ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሳይመጣ ሐምሌ 1 ይደርሳል። አዛዥ ሳያደርጉት ስለ ውጤቱ ይጠይቁታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ጥሩ ሰዎች በዚህ ተማረው ሲለቁ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ወሬው አክሩዋል ሆኗል። አክሩዋል የንብረት ዋጋና እርጅና ይፈልጋል። በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገብቶ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) የወጣ ኮምፒውተር ዛሬ የትኛው ቢሮ እንዳለ ንብረት ክፍሉን ጠይቁ። ሞዴሉ ይገኛል፣ ዕቃው የለም። ወይም ዕቃው አለ፣ ዋጋው የትም አልተጻፈም። ለእኔ ቢተውልኝ ከደንቡና ከሶፍትዌሩ በፊት ለቆጠራና ለምዝገባ ብቻ በቂ ጊዜ እሰጥ ነበር። የውጭ አማካሪ የሚቀጠር ከሆነም ከግምጃ ቤት ሠራተኞቹ ጋር መደርደሪያ በመደርደሪያ እየቆጠረ ይጀምር።