የሌንሱ ክዳን ሲጨፍር

ፓሪስ ውስጥ ለሱቆች ማስታወቂያ በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት በካሜራማንነት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ዳቦ ቤት ገብቼ ስቀርፅ ዋልኩ። ስጨርስ ካሜራውን ያጠፋሁ መስሎኝ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ለካ አልጠፋም!

ቢሮ ፋይሉን ስንከፍተው ጉዴ ወጣ። አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ የእኔ ጫማ፣ የእግረኛ መንገድ፣ በክሩ ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚል የሌንስ ክዳን። እኔ አፈርኩ፤ ኤዲተራችን ግን በሳቅ ፈረሰች። «ይሄማ የቫርዳ ነው!» አለች።

ፈረንሳዊቷን የፊልም ዳይሬክተር አኜስ ቫርዳን በስም ብቻ ነበር የማውቃት። ያን ምሽት ስለ ቃራሚዎች የሠራችውን ፊልም አየሁት። ፊልሙ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይዛ፣ ማሳ ላይ የተጣለ ድንች ከሚለቅሙ ሰዎች ጋር ትዞራለች። እሷም እንደኔው ካሜራውን ማጥፋት ረስታለች። ክዳኑ መሬቱ ላይ ሲወዛወዝ ተቀርጿል። አልጣለችውም። ጃዝ አስገባችበትና ክዳኑን አስጨፈረችው። የራሷንም ስህተት ቃረመች ማለት ነው።

ሴትየዋ ድሮም እንዲህ ነበረች። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንሽ ልጅ ስለነበራት ከቤት መራቅ አልቻለችም። ታዲያ ከቤቷ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግታ፣ ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ያሉትን የሰፈሯን የዳጌር ጎዳና ባለሱቆች ቀረፀች። ዳቦ ጋጋሪውም አለበት።

በማግስቱ ልቤ ሞቆ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። «ከክዳኑ ሃያ ሰከንድ ብናስገባስ?»

«ዳቦ ቤቱ የከፈለን ለዳቦው ነው፤ ለጫማህ አይደለም» አለኝ።

ልክ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ ገባኝ። ቫርዳ ፎቶ አንሺ ሳለች፣ በ26 ዓመቷ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. «ሴት» (Sète) በምትባል የፈረንሳይ የወደብ ከተማ የመጀመሪያ ፊልሟን ስትቀርፅ የራሷን ኩባንያ አቋቁማ ነው። ተዋንያኑና ባለሙያዎቹ የሠሩት ፊልሙ ገንዘብ ካስገባ ሊካፈሉ ተስማምተው ነበር። «ጫማሽን አውጪው» የሚላት አለቃ የለም። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። አሁን ካሜራ ከማንጠልጠሌ በፊት ቀይዋን መብራት ሁለቴ አያለሁ።

ቪዲዮውን ግን በሃርድ ዲስኬ ገልብጬ ወሰድኩት። መጀመሪያው ላይ፣ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። «ይሄ ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም» ትላለች ለባሏ። ያን ጊዜ አልሰማኋትም ነበር። ቀጥሎ የወረቀት ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።