ማህተም የማነብባቸው ጠብመንጃዎች

አሮጌ የጦር ሜዳ ጠብመንጃ እሰበስባለሁ ስል ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። አልፈርድበትም። እኔን የሳበኝ ግን ተኩሱ አይደለም፤ ብረቱ ላይ የተመታው ማህተም ነው። የት ተሠራ? መቼ? ለየትኛው ጦር? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ሁሉ ብረቱና እንጨቱ ላይ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሲን ናጋንትን እንይ። ሩሲያ በ1891 ለጦሯ የተቀበለችው ጠብመንጃ ነው። በሶቪየት ዘመን ቱላ የተሠራው ላይ ኮከብ፣ ኢዝሄቭስክ የተሠራው ላይ ሦስት ማዕዘን ተመቶበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያ ፋብሪካዎች አልደርስ ሲላቸው አሜሪካ ውስጥ ሬሚንግተንና ዌስቲንግሃውስ አምርተውታል። ፊንላንዶች ደግሞ እጃቸው የገባውን ሁሉ «ኤስ ኤ» የሚል የጦራቸውን ማህተም መቱበት። ስለዚህ አንዱ ሞሲን የሦስት መንግሥታት ምልክት ይዞ ሊገኝ ይችላል።

የእኔው ሞሲን የቱላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታድሷል። የመቀባበያው አሮጌ ቁጥር በጭረት ተሰርዞ፣ ከአፈሙዙ ቁጥር ጋር እንዲገጥም አዲስ ተጽፎበታል። ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አንድ ዓይነት ካልሆነ የማይገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ የሶቪየት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፈታው፣ ከሌላ ጠብመንጃ የመጣ መቀባበያ ገጠመለት፣ ቁጥሩን አስተካከለ፣ በግሪስ ነክሮ ለሚቀጥለው ጦርነት አስቀመጠው። ይህም የጠብመንጃው ታሪክ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የምኖርበት አገር ሕግ ጥብቅ ነው። ለእያንዳንዱ ጠብመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በቂ ምክንያት መጻፍ አለብህ። የሚቆለፍ የብረት ካዝና ይኖርሃል፤ ፖሊስም መጥቶ ያየዋል። እኔ ይህን አልቃወምም። እንዲህ ያሉ ሕጎች ብዙዎቹ ከሐዘን የመጡ ናቸው። በ1996 ስኮትላንድ ደንብሌን ውስጥ አሥራ ስድስት ሕፃናትና አስተማሪያቸው ተገደሉ። በዓመቱ ብሪታንያ ሽጉጥን ከለከለች። በዚያው በ1996 አውስትራሊያ ፖርት አርተር ላይ ሠላሳ አምስት ሰው ሞተ፤ አገሪቱ ሕጓን ከሥሩ ለወጠች። ይህን ሳያነሳ ስለ መብቱ ብቻ የሚያወራ ሰብሳቢ እኔን አያሳምነኝም።

የሚያከራክረኝ ሌላ ነገር ነው። ሕግ «አሮጌ» የሚለው ምኑን ነው? የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መስመሩን 1898 ላይ አስምሯል። እስከዚያ ዓመት የተሠራ እንደ ቅርስ ይቆጠራል። ታዲያ ፊንላንዶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ሞዴል 39» የሚባለውን ጠብመንጃ ሲሠሩ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን የተረፉ የሞሲን አካላትን ተጠቅመዋል። ሰደፉን አውልቀህ የብረቱን ጭራ ከሥር ስታየው 1897 የሚል ዓመት ካገኘህ፣ በ1940ዎቹ የተገጣጠመው ጠብመንጃ በሕግ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ከጎኑ ያለው፣ 1899 የተጻፈበት፣ አይሆንም። በመልክ አንድ ናቸው።

ብሪታንያ በሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ የሚታየው የጥይቱ ዓይነት ጭምር ነው። ጥይቱ ከገበያ የጠፋ ተብሎ ከተመዘገበና ጠብመንጃው ከመስከረም 1 ቀን 1939 በፊት ከተሠራ፣ እንደ ጌጥ ወይም እንደ ብርቅ ዕቃ ያለ ፈቃድ ማስቀመጥ ይቻላል። ማርቲኒ-ሄንሪ የሚባለው የብሪታንያ አሮጌ የጦር ጠብመንጃ በዚህ በር ይገባል። ለእኔ ይህ ከዓመት መስመር የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም አደጋው የት እንዳለ ይጠይቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን የጀርመኖቹን ነው። እዚያ ሰብሳቢ ፈቃድ ሲጠይቅ ርዕስ ማቅረብ አለበት። ስብስቡ የባህልና የታሪክ ፋይዳ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ብዙዎች ይማረሩበታል። እኔ ማንም ሳያስገድደኝ ተቀብዬዋለሁ። ካዝናዬ ጠባብ ነው፣ ፈቃድ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ርዕስ መረጥሁ፦ ከአንድ ጦር ወደ ሌላ ጦር የተሻገሩ ጠብመንጃዎች። ከዚህ ውጭ የሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አልፈዋለሁ።

ርዕሴ አንዳንዴ ወደ እኛው ይወስደኛል። አድዋ ላይ ጣሊያኖች የያዙት አብዛኛው ቬተርሊ የሚባለው አሮጌ ጠብመንጃቸው ነበር፤ እሱን የሚተካው አዲሱ ካርካኖ ከተሠራ ዓመታት አልፈውት ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ቬተርሊዎችና ካርካኖዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። የቤልጅጉ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ኤፍ ኤን ለኢትዮጵያ የሠራቸው ማውዘሮችም አሉ፤ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። እንዲህ ያለውን እስካሁን በፎቶ ብቻ ነው ያየሁት። ባገኘው ፈቃዱን ለማግኘት የምጽፈው ማመልከቻ ከወዲሁ በጭንቅላቴ አለ።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ፈቃድ የማይገኝለት ጠብመንጃ እንዳይተኩስ ተደርጎ ይሸጣል። በአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ አንድ ወጥ ደንብ አለ። አፈሙዙ ይደፈናል፣ የመቀባበያው ፊት ይቆረጣል፣ ዋና ዋና ክፍሎቹ እንዳይፈቱ ይበየዳሉ። ዓላማው ይገባኛል። ከዚያ በፊት በነበሩ ልል አሠራሮች ወደ ተኩስ የተመለሱ መሣሪያዎች ሰው ገድለዋል። ነገር ግን የተበየደ ጠብመንጃ አይነበብም። ያ ከሥር ያለው ዓመት፣ ያ ተሰርዞ የተጻፈ ቁጥር፣ ውስጥ የተመታው የተቆጣጣሪ ማህተም ለሁልጊዜው ይዘጋል። ሚሊዮን ጊዜ ከተሠራ ተራ ዕቃ ላይ ቢሆን አልከፋም። ብርቅ ከሆነው ላይ ግን ብየዳ ከመምጣቱ በፊት አንድ የታሪክ ባለሙያ ፈትቶት፣ ፎቶ አንስቶት፣ ቁጥሮቹን መዝግቦት ቢያልፍ ምን ይጎዳል? የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህን የሚያዝ ደንብ ቢወጣ ነገውኑ እፈርማለሁ።

ያለ ፈቃድ፣ ያለ ጠብመንጃም መጀመር ይቻላል። ለጀማሪ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። የሥልጠና መመሪያ፣ የጥይት ሣጥን ክዳን፣ ማንገቻ፣ የማጽጃ ዕቃ ሰብስብ። የስዊስ ጦር ጠብመንጃ የሆነው ኬ31 ሰደፍ ጫፍ ላይ ካለው ብረት ሥር ብዙ ጊዜ የወታደሩ ስምና ክፍል የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይገኛል። አሪሳካ በሚባሉት ብዙ የጃፓን ጠብመንጃዎች ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የአበባ ምልክት ተፍቆ ታገኘዋለህ፤ በ1945 እጅ ሲሰጡ ያጠፉት ነው። እነዚህን በሙዚየም መስታወት ጀርባም ማየት ይቻላል። ዓይንህ ከሠለጠነ በኋላ ማመልከቻ ስትጽፍ ምን እንደምትፈልግና ለምን እንደምትፈልግ ታውቃለህ። ፈቃድ ሰጪውም ልዩነቱ ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ይደረግ። የማውቀው አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ሲሞቱ ልጆቻቸው ፈቃዱ የአባታቸው ብቻ መሆኑን ያወቁት ከቀብር በኋላ ነው። ደንግጠው ሁሉንም አስረከቡ። ሁሉም ቀለጠ። ከመካከላቸው የባለቤቱ ወታደር ስም የተጻፈበት ወረቀት አብሮት ያለ አንድ ጠብመንጃ ነበር። ስለዚህ እኔ ካዝናዬ በር ላይ ፖስታ ለጥፌያለሁ። ለባለቤቴና ለልጆቼ ነው። የእያንዳንዱ ጠብመንጃ ቁጥር፣ የፈቃዱ ቅጂ፣ የትኛው ለየትኛው ሙዚየም ሊሰጥ እንደሚችል፣ በመጀመሪያ ለማን እንደሚደወል አለበት። ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር አድሰዋለሁ።