«ጥዴ አበበ»

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ጠዋት ወደ ፖም እርሻችን ስገባ አለቃችን ስልኩን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። «አየህ? ጥዴ አበበ!»

ፎቶውን አየሁት። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ እጢ ተንጠልጥሏል። ከእጢው ዙሪያውን ብርቱካናማ ጭራ ወጥቷል። ሄጄ በጣቴ ነካሁት፤ ዝልግልግ ይላል።

«አበባ አይደለም፣ ዋግ ነው» አልኩት።

«ዋግማ ስንዴ ላይ ነው የሚወጣው።»

ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው እንዲህ ያለኝ። ሳቁም። እኔ ግን ማስረዳቴን አልተውኩም። ይሄኛው ዋግ ሁለት ዛፍ ይፈልጋል፣ ጥድና ፖም። ከጥዱ የሚነሳው የፈንገስ ዘር በነፋስ ሄዶ ፖሙን ይይዛል። ከፖሙ ቅጠል የሚነሳው ደግሞ ተመልሶ ጥድ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሌላ ፖም አይነካም። ፖሞቹ እምቡጣቸው ሮዝ ሆኗል፣ የርጭቱ ሰዓት አሁን ነው። መጋዘን ያለን ካፕታን የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የፖም እከክ ለሚባለው ሌላ በሽታ እንጂ ለዋግ አይረባም። ለዋግ የሚሆነው ማይክሎቡታኒል ይገዛልን አልኩ።

«መድኃኒት መድኃኒት ነው። ያለውን ርጩ።»

ረጨን።

ከሳምንታት በኋላ ቅጠል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ። ብርቱካናማ ነጠብጣብ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ፣ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች። «ምን ስትሠሩ ነበር? ዛሬውኑ ይረጭ!» አሁን ቢረጭ የወጣው ነጠብጣብ እንደማይጠፋ ነገርኩት። አልሰማም፤ አማካሪ አስጠራ።

አማካሪው እኔ ያልኩትን፣ ያውም በዚያው ቅደም ተከተል፣ ደገመው። አለቃዬ ማስታወሻ ይዞ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ይጽፋል። እኔ ስናገር እስክሪብቶውን አንስቶ አያውቅም። ቀንቻለሁ ብባል አልክድም።

ብቻ ሰውየው መጨረሻ ላይ «ጥዱንም ብታነሱት» ሲል እስክሪብቶው ቆመ። «ጥዴን? ማን ነው የሚነካው?»

ይህን አጋጣሚ እንዴት ልለፈው! አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ በ1914 በወጣ ሕግ ለፖም እርሻ ሲባል ባለቤቶች በሽታው ያለበትን የገዛ ጥዳቸውን እንዲቆርጡ ይታዘዙ እንደነበር አጫወትኩት። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1928 ለመንግሥት ተፈረደ።

«ካሳስ?» አለኝ።

«ለመቁረጫ ወጪ 100 ዶላር። ለዛፎቹ ዋጋ ምንም።»

አማካሪው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። አለቃዬ አልሳቀም።

ጥዱ እስካሁን አለ። በየዓመቱ፣ ጭራው ሳይወጣ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ እጢዎቹን በመቀስ እለቅማለሁ። ይጠቅማል፣ ግን ልክ አለው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የጎረቤት ጥዶች እንዳሉ ናቸው፤ ዘሩ ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይመጣል።

ለአዲሱ መደዳ ዋግ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ጽፌ ሰጠሁት፤ ሊበርቲ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ሬድፍሪ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ችግኙ ሲራገፍ የሁሉም መለያ ላይ ጎልደን ደሊሺየስ ይላል፤ ለዚህ ዋግ በቀላሉ ከሚጋለጡት አንዱ። «ገበያ ላይ የሚፈለገው እሱ ነው» አለኝ። የአማካሪውን ስልክ ቁጥር መዝግቤ ይዣለሁ።